ኳሷ ያመለጠችው ሰውዬ ቲቪ ላይ ራሱን ሲጫወት፦ የቢል በክነር ጉዳይ

ጡረታ የወጣ ስፖርተኛ ሲትኮም ላይ ራሱን ሆኖ ብቅ ሲል ሁላችንም አይተናል። ነገሩ ብዙ ግዜ አንድ አይነት ነው፣ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ይገባል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ እሱም ሁለት ሶስት ቀልድ ጣል ጣል አርጎ ይወጣል፣ በቃ። ትወና ምናምን ብለን አናካብደው፣ መልክ ማሳየት ነው። አሁን ማወራችሁ ኬዝ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ቢል በክነር ሚባል የቤዝቦል ተጫዋች በ61 ዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 4 2011 ኤችቢኦ ሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ጣቢያ ላይ፣ የላሪ ዴቪድ ኮሜዲ «ከርብ ዩር ኢንቱዚያዝም» 8ኛ ሲዝን 9ኛ ክፍል ውስጥ ራሱን ሆኖ ተጫወተ። ይዞት የገባው ደሞ 25 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረውን፣ በየሄደበት ሲሰደብበት የኖረውን ስህተቱን ነው።

ኬዙ እንዲገባን ከኳሷ መጀመር አለብን። (ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ቤዝቦል ለማያይ ሰው ባጭሩ፦ መቺው ኳሷን ይመታና ወደ ፈርስት ቤዝ ይሮጣል፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ሄዳ እሱ ሳይደርስ እዛ ቆሞ ሚጠብቀው ተከላካይ ጓንት ውስጥ ከገባች መቺው ወጣ ማለት ነው፣ ሶስት ሰው ከወጣ ደሞ የቡድኑ ተራ ያልቃል። ነጥብ ሚገባው ሯጩ ቤዞቹን በሙሉ ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ነው። በክነር ፈርስት ቤዝ ላይ ሚቆመው ሰውዬ ነበር። እና ስራውን ማያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከ1969 እስከ 1990 ድረስ 22 ሲዝን ተጫውቷል፣ 2,715 ሂት አለው (መትቶ ቤዝ የደረሰበት ቁጥር ነው)፣ 1980 ላይ በቺካጎ ከብስ ማሊያ ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ የሆነው የናሽናል ሊጉ አንደኛ መቺ ነበር። ከዛ 1984 ላይ ወደ ቦስተን ሬድ ሶክስ ሄደና በቀጣዩ ዓመት 184 አሲስት አስመዘገበ፣ ማለትም ኳሷን ራሱ ይዞ ለሌላ ተጫዋች እያቀበለ መቺ ያስወጣበት ቁጥር ነው፣ በግዜው ለፈርስት ቤዝ ተጫዋች የአንድ ሲዝን ሬከርድ ነበር። ልብ በሉ፣ ሬከርዱ ከዛች ኳስ በፊት በነበረው ዓመት ነው የተሰበረው።

ችግሩ ቁርጭምጭሚቱ ነበር። ለዓመታት የተጎዳ ቁርጭምጭሚት፣ በረዶ ውስጥ እየተነከረ፣ 1986 ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ይወስደዋል) ላይ እንደውም እግሩን ደግፎ እንዲይዝለት ከፍ ያለ ጫማ አርጎ ነው የተጫወተው። ሲሮጥ ሲያነክስ ማንም ያየዋል።

ኦክቶበር 25 1986፣ ኒው ዮርክ፣ ሺ ስታዲየም፣ ስድስተኛው ጨዋታ። ቦስተን ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 እየመራ ነው፣ አንድ ጨዋታ ካሸነፈ ከ1918 ወዲህ አይቶት ማያውቀውን ዋንጫ ይወስዳል። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ይሄዳል፣ አስረኛው ዙር ላይ ቦስተን ሁለት ነጥብ አግብቶ 5 ለ 3 ይመራል። ሜትስ ተራቸው ደርሶ ሁለት ሰው ወዲያው ይወጣባቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የቦስተን መልበሻ ክፍል ውስጥ ሻምፓኝ ገብቷል፣ ልብስ እንዳይረጥብ ቁምሳጥኖቹ ላይ ላስቲክ ተጋርዷል፣ የስታዲየሙ ስኮርቦርድ ላይ እንኳን ለሬድ ሶክስ የእንኳን ደስ አላችሁ መልዕክት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል።

ከዛ ነገር ተበላሸ። ጋሪ ካርተር መታ፣ ኬቨን ሚቸል መታ፣ ሬይ ናይት መታ፣ 5 ለ 4። የቦስተኑ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ካልቪን ሺራልዲ ወጣ፣ ቦብ ስታንሊ ገባ። ሙኪ ዊልሰን ሊመታ ቆመ፣ አልወጣም ብሎ ኳስ በኳስ ሲታገል ስታንሊ የወረወራት አንዷ ስታ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሚቸል ከሶስተኛው ቤዝ ሮጦ ገባ፣ 5 ለ 5። አሁን እዚች ጋ ቆም በሉልኝ ምክንያቱም በኋላ እመለስባታለሁ፣ ውጤቱ እኩል ነው፣ መሪነቱ አልቋል፣ በክነር ገና ምንም አልነካም። ከዛ በአስረኛው ውርወራ ዊልሰን ደካማ ኳስ መታ፣ እየነጠረች በፈርስት ቤዝ በኩል መጣች፣ በክነር ጎንበስ አለ፣ ጓንቱን ዘረጋ፣ ኳሷ ከጓንቱ ስር በእግሮቹ መሃል ሾልካ ወደ ኋላ ሄደች። ናይት ከሁለተኛው ቤዝ ጭንቅላቱን ይዞ እየሮጠ ገባ። 6 ለ 5፣ ጨዋታው አለቀ።

ይቺን ደሞ ፈጠራ እንዳትመስላችሁ። ከዛች ምሽት 19 ቀን በፊት በክነር ለቦስተን ቲቪ ቃለመጠይቅ ሰጥቶ ነበር፣ እዛ ላይ ስለ ህልምና ቅዠት ሲያወራ፣ ቅዠት ማለት የማሸነፊያዋ ነጥብ በእግርህ መሃል ባለፈች ኳስ ስትገባ ነው ብሏል። ቪድዮው አለ። አፉን በቆረጠው ያሰኛል።

በነጋታው ማን ተወቀሰ? በርግጥ ሺራልዲም ስታንሊም ትንሽ ትንሽ ደርሷቸዋል፣ አሰልጣኙ ጆን ማክናማራም ተነስቷል፣ ምክንያቱም በዛው ፍጻሜ ቦስተን ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ላይ መጨረሻ አካባቢ በክነርን አስወጥቶ እግሩ ደህና የሆነውን ዴቭ ስቴፕልተንን ያስገባ ነበር፣ ያን ማታ ግን ተወው። ደሞ ሰባተኛው ጨዋታ ገና ነበር፣ ቦስተን እሱንም መርቶ 8 ለ 5 ተሸነፈ። ይሄ ሁሉ ተረሳ። ምክንያቱም ውርወራ ሲሳሳት ካሜራ ላይ ያን ያህል አያምርም፣ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ኳስ በእግሩ መሃል ስታልፍ ግን አምስት ሰከንድ ሚሞላ ምስል ነው፣ ቤዝቦል ማያውቅ ሰው እንኳን አይቶ ይገባዋል። ቲቪ ነው ወንጀለኛውን የመረጠው ባይ ነኝ።

ከዛ በኋላ የመጣውን ባጭሩ ልለፈው። የግድያ ዛቻ ነበር፣ 1987 መሃል ላይ ቦስተን አሰናበተው፣ 1990 ላይ ተመልሶ ሲመጣ ህዝቡ ቆሞ ተቀበለው (ይሄንን ብዙ ሰው አያነሳውም)፣ እዛው ዓመት ጫማውን ሰቀለ፣ 1993 ላይ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አይዳሆ ሄደ። ከቦስተን አይዳሆ ማለት የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው በሉት።

አሁን ወደ ቲቪው። እዚ ጋ ነው ኬዙ ሚጣፍጠው። ከዛች ማታ ጨዋታ ሁለት ሰው ነው በላሪ ዴቪድ እጅ ኮሜዲ ውስጥ የገባው፣ አንዱ ካሸናፊው አንዱ ከተሸናፊው። ያሸናፊው ኪት ሄርናንዴዝ ነው፣ የሜትሱ ፈርስት ቤዝ፣ ማለት በክነር የቆመበት ቦታ ላይ ሚቆመው ሰውዬ። እና አስረኛው ዙር ላይ ሁለተኛ ሆኖ የወጣው ሄርናንዴዝ ራሱ ነበር! ተሸነፍን ብሎ ሜዳውን ትቶ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ሄዶ ቢራ ይዞ ቁጭ ብሎ በቲቪ ነው ያየው፣ ጓደኞቹ መምታት ሲጀምሩ ደሞ ወንበሯ ገድ አላት ብሎ አልነሳም አለ። እሱም መጨረሻ የተጫወተው 1990 ነው፣ እንደ በክነር። ከዛ ፌብሩዋሪ 1992 ላይ ላሪ ዴቪድና ጄሪ ሳይንፌልድ የፈጠሩት «ሳይንፌልድ» ሚባል ሲትኮም ላይ «ዘ ቦይፍሬንድ» ሚባል ሁለት ክፍል ውስጥ ራሱን ሆኖ መጣ። ጄሪ ጂም ውስጥ ያገኘውና ልክ እንደ ፍቅረኛ ይደውልልኝ ይሆን አይደውልልኝ ይሆን እያለ ሚጨነቅለት ሰው፣ የጄሪን ጓደኛ ኢሌንን ይዟት ሚወጣ፣ ስሳማት ምን ትላለች እያለ ሲያመነታ ራሱን «እኔ እኮ ኪት ሄርናንዴዝ ነኝ» ብሎ ሚያደፋፍር ሰው። የጄሪ ጎረቤቶች ክሬመርና ኒውማን ደሞ 1987 ላይ ምራቅ ተፍቶብናል ብለው ቂም ይዘዋል፣ ግን ምርመራው ሲጠናቀቅ የተፋው ሌላ ተጫዋች ሆኖ ይገኛል፣ ሮጀር ማክዳወል፣ እሱም ራሱን ሆኖ። ያሸናፊ ነገር እንደዚ ነው፣ ቀልዱ ውስጥ እንኳን ንጹህ ሆኖ ይወጣል።

በዛው በ1992 በክነር ምን ላይ ነበር? ኳሷ ተሸጠች። በእግሩ መሃል ያለፈችው ኳስ፣ ራሷ፣ ጨረታ ላይ ወጥታ ተዋናዩ ቻርሊ ሺን 93,500 ዶላር ገዛት። አንደኛው ሲትኮም ላይ ሴት ሲያሽኮረምም የሌላኛው ስህተት በጨረታ እየተሸጠ ነው።

ስለዚ ሄርናንዴዝ ቲቪ ላይ ለመቅረብ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል በቂው ነበር። በክነር ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። እና በኔ እይታ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አይሰራም ነበር፣ ያስጠላ ነበር። መሃል ላይ መሆን የነበረባቸው ነገሮች አሉ። ቦስተን 2004 ላይ ዋንጫ ወሰደ፣ የ86 ዓመቱ ረሃብ አበቃ፣ 2007 ላይ ደገመ። ከዛ ኤፕሪል 8 2008፣ የቦስተን ስታዲየም ፌንዌይ ፓርክ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ የሜዳ ጨዋታ ቀን፣ የመክፈቻዋን ኳስ እንዲወረውር በክነርን ጠሩት። በግራ በኩል ካለው ትልቁ አረንጓዴ ግድግዳ ስር ወጥቶ በእግሩ ሜዳውን አቋርጦ መጣ፣ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበ አጨበጨበ አላቆም አለ፣ እሱም ዓይኑን ሲጠርግ ነበር፣ ከዛ ለድሮ ጓደኛው ለድዋይት ኤቫንስ ወረወረለት። በኋላ ሲናገር ይቅር ማለት የነበረብኝ ህዝቡን ሳይሆን ሚዲያውን ነው አለ፣ እኔንና ቤተሰቤን ያሳለፉንን ብሎ። እዩት እንግዲ፣ ይቅርታ ጠያቂ መስሎ የተጠራው ሰውዬ ይቅር ባይ ሆኖ ተገኘ።

ከዛ ነው ላሪ ዴቪድ የመጣው።

«ሚስተር ሶፍቲ» ይባላል ክፍሉ፣ በኒው ዮርክ የአይስክሬም መኪና ስም። ላሪ (እሱም ራሱን ነው ሚጫወተው) ሶፍትቦል ሚባለውን የቤዝቦል ዘመድ እየተጫወተ የአይስክሬም መኪናው ሙዚቃ ይሰማና (ከልጅነቱ ጋር የተያያዘ ጣጣ አለው) ሃሳቡ ይሄዳል፣ ኳሷ በእግሩ መሃል ታልፋለች። የቡድኑ አለቃ ያብዳል። ከዛ ላሪ የስፖርት ፊርማ ሚሸጥበት ቦታ ሄዶ በክነርን ያገኘዋል፣ ሙኪ ዊልሰንም አለ፣ ራሱን ሆኖ። ሁለት በእግራቸው መሃል ኳስ ያሳለፉ ሰዎች ጓደኛ ሆኑ ማለት ነው።

አብረው መንገድ ላይ ሲሄዱ አላፊ አግዳሚው በክነርን ይሰድበዋል። ላሪ ይንጨረጨራል፣ በክነር ምንም። ለምዶታል። ይሄ ሲን ላይ ነው እኔ ሰውየው ተዋናይ መሆኑን ያመንኩት፣ ምክንያቱም ሚያደርገው ነገር የለም፣ ትከሻው አይወጣም፣ ፊቱ አይጨማደድም፣ ስድቡን ልክ መንገድ ላይ ሰላም እንዳለው ሰው ይቀበለውና ይሄዳል። ሌላ ኤክተር ቢሆን ሃዘኑን ያሳየን ነበር። እሱ ማሳየት አያስፈልገውም፣ ሃዘኑን እኛው ይዘነው መጥተናል።

ከዛ ለላሪ ጓደኛ ለጄፍ ልደት የተገዛች ሙኪ ዊልሰን የፈረመባት ኳስ አለች። ላሪ እስኪ ብሎ ለበክነር ይወረውርለታል፣ በክነር ያመልጠዋል፣ ኳሷ በመስኮት ወጥታ ሄደች። ከዛ የአይሁድ ለቅሶ ቤት፣ ለጸሎቱ አስር ወንድ መሙላት አለበት፣ አንድ ጎደለ፣ ላሪ በክነርን ይዞ ይገባል፣ ሃዘንተኛው የቦስተን ደጋፊ ሆኖ ቁጭ። ሬሳ ተቀብሮ፣ ጸሎት ጎድሎ፣ እሱን ካላስወጣችሁ ይላል። ለቅሶ ቤት ድረስ ሚከተል ስም ማለት ይሄ ነው! የኮሜዲው ጨካኝ ቦታ እሱ ይመስለኛል፣ ከሁሉም በላይ የሳቅኩትም እዛ ጋ ነው፣ ምን ላርግ።

መጨረሻው ላይ ህንጻ ይቃጠላል። አንዲት እናት ከላይ መስኮት ላይ ህጻን ይዛ ቆማለች፣ ታች ህዝብ ተሰብስቧል፣ ትወረውረዋለች፣ በክነር ይሮጣል፣ ይወረወራል፣ ይይዘዋል። ህዝቡ ይጮሃል፣ በዛች አምስት ሰከንድ ሲሰድበው የኖረው ከተማ ጀግና ያረገዋል።

ለምን ሰራ? አንደኛ አሰራሩ። «ከርብ» ላይ የተጻፈ ዲያሎግ የለም፣ ላሪ ዴቪድ ታሪኩን በጥቂት ገጽ ነድፎ ያመጣል፣ ተዋናዮቹ ንግግሩን ካሜራ ፊት እየፈጠሩ ይሄዳሉ። ይሄ ላልሰለጠነ ሰው ባንድ በኩል እረፍት ነው፣ ሚሸመደድ ነገር የለም፣ ስፖርተኞች ሲትኮም ላይ ደንዝዘው ሚታዩት እኮ አብዛኛው ግዜ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘው እንዳይጠፋባቸው እየፈሩ ስለሆነ ነው። በሌላ በኩል ግን መደበቂያም የለም፣ የምትናገረው የራስህ ቃል ነው፣ ስለራስህ። በክነር ደሞ ይሄን ወሬ ከሃያ ዓመት በላይ ተጠይቋል፣ ልምምዱን ህይወቱ ሰርቶለታል።

ሁለተኛው ግን ዋናው፣ ቅደም ተከተሉ ነው። ህጻኑን ከመያዙ በፊት ኳሷ እንደገና አመለጠችው። በመስኮቱ ማለቴ ነው። ደራሲው ፈሪ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን አምጥቶ፣ ትንሽ አሳዝኖ፣ መጨረሻ ላይ ጀግና አርጎ ይሸኘው ነበር፣ እንዲያ ቢሆን የበጎ አድራጎት ፕሮግራም ነበር ሚመስለው። በክነር ሁለተኛ ስህተት ሲሰራ ግን፣ እሱም እያወቀ፣ ፈቅዶ፣ ካሜራ ፊት ኳስ ሲለቅ፣ ቀልዱ የሱ ሆነ። ይሄ እንግዲ ሄርናንዴዝ ማድረግ ያላስፈለገው ነገር ነው። እነ ሄርናንዴዝ ሲመጡ ተከታታዩ ዝናቸውን ይዋሳል፣ በክነር ሲመጣ ግን እሱ ነው ተከታታዩን የተዋሰው።

አንድ ቅሬታ አለኝ ግን። ቅድም 5 ለ 5 ላይ ቆም በሉ ያልኳችሁ ለዚ ነው። ሙሉው ታሪክ ሚቆመው በክነር ብቻውን ዋንጫውን አበላሸ ሚለው ስሪት ላይ ነው፣ ህጻን መያዝም ካሳ ሚሆነው እዳ ካለ ነው። እዳው ግን የለም ወይም ቢበዛ አንድ አምስተኛው የሱ ነው፣ ኳሷን ቢይዛት እኮ 5 ለ 5 ሆኖ ወደ አስራ አንደኛው ዙር ነበር ሚሄዱት፣ ዋንጫውን አይደለም ያስመለጠው፣ መቀጠሉን ነው። ደሞ ያቺን ኳስ ይዞም ዊልሰን ፈጣን ሯጭ ስለሆነ ሊቀድመው ይችል ነበር ሚሉ አሉ፣ ዊልሰን ራሱ ጭምር። ኮሜዲ ይሄን ሁሉ ላስረዳ ካለ ይሞታል፣ አውቃለሁ፣ ግን ክፍሉን አይተው ስለ በክነር ለመጀመሪያ ግዜ የሰሙ ሰዎች ይዘው ሚሄዱት ያንኑ የድሮውን ፍርድ ነው፣ የተጨመረለት ምህረት ብቻ ነው። ይሄን ሂሳብ ከማንም በላይ ሚያውቀው ራሱ ነው፣ ቢሆንም እሺ ብሎ መጥቶ ተጫወተ።

ሜይ 27 2019 ላይ በ69 ዓመቱ ሞተ፣ በመርሳት በሽታ፣ ሊዊ ቦዲ ዲሜንሺያ በሚባለው። ዜናው በየቦታው ሲወጣ 2,715 ሂቱ ዝቅ ብሎ ነው የተጻፈው፣ ላይ ያለችው ኳሷ ናት። ህጻኑን የያዘበትን ክፍል ያነሱም ብዙ ነበሩ፣ ለኮሜዲ የተቀረጸ የውሸት ህጻን ማለት ነው፣ ከ22 ሲዝን እኩል።

እና የፊርማው ጠረጴዛ፣ እሱ ላሪ ዴቪድ የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። በክነርና ሙኪ ዊልሰን እውነትም ጓደኛ ሆነው ለዓመታት አብረው እየዞሩ ሲፈርሙ ነው የኖሩት፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው፣ ያችው ኳስ በእግሩ መሃል ስታልፍ የተነሳች ፎቶ ላይ፣ መጀመሪያ አንዱ ይፈርማል፣ ከዛ ለጎኑ ያቀብለዋል።